ለሶር ዝይዎች ምስክር ፍለጋ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ መቱ መናኸሪያ

ጭጋጉ ገና ከሚኒባሶቹ ጣሪያ ላይ አልወረደም። ረዳቶቹ በጎረነነ ድምፅ ሁሩሙ፣ ያዮ፣ በደሌ ይላሉ፤ ተሳፋሪው በጋቢው ተጀቡኖ ከሾፌሩ ጋር እኩል ያዛጋል። ጥግ ላይ አንዲት ሴት ትኩስ ቦንቦሊኖ ከባልዲ እያወጣች ትሸጣለች። ሁለት ገዛሁና አንዱን ለጋሼ መርጋ ዘረጋሁላቸው፤ የሚቀበሉበት እጅ አጡ። በአንዱ የብሩሽ ሣጥናቸውን፣ በሌላው ጃንጥላቸውን ይዘዋል። ብሩሽ ምን ያደርግልዎታል፣ የምንሄደው ፎቶ ልናነሣ አይደለም ወይ ብላቸው፣ ሐኪም ያለ ማዳመጫው ከቤቱ ይወጣል ወይ አሉኝ።

ጋሼ መርጋን መቱ ውስጥ የማያውቃቸው ቢኖር እንኳ ጽሑፋቸውን አንብቧል። ከሠላሳ ዓመት በላይ የከተማውን የሱቅ ሰሌዳ የጻፉት እሳቸው ናቸው። ኮታቸው ላይ የተንጠባጠበው ቀለም የመቱ ታሪክ ነው፤ ቀዩ የሥጋ ቤቱ፣ ሰማያዊው የመድኃኒት ቤቱ፣ እጅጌው ላይ ተደራርቦ የደረቀው አረንጓዴ ደግሞ ስሙ ሦስት ጊዜ የተቀየረ የአንድ መሥሪያ ቤት።

ታዲያ በዚህ ብርድ ምን አስወጣን? ነገሩ እንዲህ ነው።

እትዬ ጽጌ ምግብ ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ ግድግዳ አለ። ግድግዳው ላይ ጋሼ መርጋ ቤቱ ሲከፈት የሳሉት የሶር ፏፏቴ አለ። ውሃው እንደ ተማሪ ዩኒፎርም ሰማያዊ ነው። ከኋላው ጥድ ተሰልፏል። ከሥሩ አምስት ነጫጭ ዝይዎች አንገታቸውን ወደ ላይ አስግገው፣ ምንቃራቸውን እስከ ጥግ ከፍተው ይጮኻሉ። እኛ የመቱ ልጆች ሶርን የምናውቀው ከዚህ ግድግዳ ነው። እውነተኛው ፏፏቴ ከከተማው ሩቅ አይደለም፤ ግን ጭቃ አለው፣ ቁልቁለት አለው፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ሲመለሱ ዳገት ይሆናል። ግድግዳውን ግን ጥብስ አዝዞ፣ ተቀምጦ ማየት ይቻላል።

በቅርቡ የእትዬ ጽጌ የእህት ልጅ ብሩክ ከአዲስ አበባ መጣ። የሦስት ወር የግራፊክስ ሥልጠና ወስዷል፤ ስለ ሥልጠናው ሲያወራ ግን ከሦስት ወር በላይ ይፈጃል። ግድግዳውን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየና ባላንስ የለውም አለ። ፕሮፖርሽኑም የለም አለ። ኮንትራስቱንማ ተዉት አለ። ከዚያ ከሁሉም የከፋውን በአማርኛ ተናገረ፤ ፏፏቴ ሥር ዝይ የለም። ስለዚህ ቅዳሜ ግድግዳው ይፋቅና ከኢንተርኔት የወረደ እውነተኛ የሶር ፎቶ በባነር ታትሞ ይሰቀልበታል።

ይሄን ሲል ጋሼ መርጋ እዚያው ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ሽሮ እየበሉ ነበር። የጠቀለሉት እንጀራ እጃቸው ላይ ቀረ። ሌሎቹ ግድግዳዎቻቸው አንድ በአንድ ጂፕሰምና ባነር ለብሰዋል፤ መቱ ውስጥ የቀራቸው ሥዕል ይኼ ብቻ ነው። ከዚያ ዝይ አለ አሉ፤ ሁሩሙ ግድግዳ ላይም አለ፣ ያዮ ግድግዳ ላይም አለ። እትዬ ጽጌ ደግሞ ፍርድ የሚያውቁ ሴት ናቸው።

«እንግዲያው ምስክር ያምጡልኝ፤ እስከ ቅዳሜ ምሳ» አሏቸው። «ካመጡ ግድግዳው ይቆያል። ካላመጡ ይፋቃል።»

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። ስለ አንድ ፏፏቴ ማስረጃ ለማምጣት የሰው ግድግዳ ፎቶ ልናነሣ ነው። ወደ ፏፏቴው የሚሄደው መኪና እዚሁ መናኸሪያ ውስጥ ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሟል። ከመሃላችን ይሄ ነገር ጅልነት ነው ያለ አንድም ሰው አልተገኘም። እኔም አላልኩም፤ እንዲያውም ስልኬ ካሜራ ስላለው ፎቶ አንሺ ሆኜ ተሾምኩ።

የተሾምኩት ግን ለስልኬ ብቻ አይደለም። እኔ ሥዕል አዋቂ ነኝ፤ የተማርኩትም በፎቶ ኮፒ ማሽን ነው። ኮሌጁ አጠገብ ሱቅ አለኝ፤ ተማሪ ይዞ የመጣውን ሁሉ እያባዛሁ አነባለሁ። የአፈር ጥበቃ፣ የንብ እርባታ፣ የወሊድ ጤና። ከሁሉም የወደድኩት ግን ስለ ሥዕልና ዲዛይን መሠረቶች የሚያወራውን ሃያ ገጽ ነው፤ ለራሴ አንድ ኮፒ አስቀረሁ። ሥዕል ሁሉ የሚሠራው ከሰባት ነገር ነው ይላል፤ ከመስመር፣ ከቅርጽ፣ ከቁመና፣ ከቦታ፣ ከብርሃንና ጥላ፣ ከቀለም፣ ከልስላሴና ሸካራነት። ከዚያ መርሆዎቹ ይመጣሉ፤ ሚዛን፣ ምጣኔ፣ ንጽጽር፣ ትኩረት እያለ ይወርድና ገጽ አሥር መጨረሻ ላይ «ከሁሉም በላይ አስፈላጊው መርህ ግን» ይላል። ገጽ አሥራ አንድን ማሽኑ በላው። ዋናውን የያዘው ተማሪ ተመርቆ ሄደ። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ከሁሉም በላይ አስፈላጊውን ሳላውቅ እኖራለሁ። ብሩክን ጠይቄው ነበር። ጣሪያውን አየና «ብራንዲንግ ነው» አለኝ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ መንገድ ላይ

በወረቀቴ ላይ ሁለት ዓይነት ሚዛን አለ። አንደኛው ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው፤ ሁለተኛው ግራና ቀኙ ሳይመሳሰል እኩል ሲመዝን። የሚኒባሳችን ረዳት፣ ጥርሱ ላይ የጥርስ መፋቂያ የተሰካ ቀጭን ልጅ፣ ሁለተኛውን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ሁለት ኩንታል በቆሎ በግራ በኩል አስጫነ። ተሳፋሪውን አንድ በአንድ አየ። እኔን ከበቆሎው ትይዩ በስተቀኝ አስቀመጠኝ። መኪናው ቀጥ አለ። መኪናው ቀጥ ሲል የተሰማኝን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ከከተማው እንደወጣን ደኑ መንገዱን በሁለት በኩል ይዞ ይሄዳል። በየደጁ ቀይ ቡና ተሰጥቷል፤ ዶሮ በቡናው መሃል ትመላለሳለች። ከቤቱ የሚበዛው ሰሌዳ ነው። የጉድጓድ ውሃ ፕሮጀክት ይላል፤ ጉድጓዱ ደርቋል፣ ሰሌዳው ቆሟል። የችግኝ ጣቢያ ይላል፤ ከሥሩ በቆሎ በቅሏል። ጋሼ መርጋ በመስኮቱ እያዩ ይሄ የኔ ነው፣ ያም የኔ ነው ይሉኛል። ፕሮጀክቱ የት ሄደ ስላቸው እሱን አላውቅም፣ እኔ ቀለሙን ሁለት እጅ ቀብቼዋለሁ አሉ። በኢሉባቦር ሥራውን በትክክል የጨረሰ ሰው ቢፈለግ ጋሼ መርጋ ናቸው።

ረዳቱ ሒሳብ እየተቀበለ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀን። ነገርኩት። ዓይኑ በራ፤ የእትዬ ጽጌን ዝይዎች እያየ ነው ምሳውን የሚበላው፤ ሊፍቋቸው ነው መባሉን ሲሰማ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ።

«እኔ ልመስክር?» አለኝ።

«ሶርን አይተኸዋል?»

«በየቀኑ ነዋ። እትዬ ጽጌ ቤት።»

ከረፋዱ ሦስት ሰዓት፣ ሁሩሙ

የገበያ ቀን ነው። ሚኒባሱ ያራገፈን መሃል ገበያ ውስጥ ነው፤ የወረድኩት እግሬን የጎደሬ ክምር ላይ አሳርፌ ነው። ሙዝ፣ በርበሬ፣ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ፣ የፕላስቲክ ጫማ። በአንድ በኩል ባለ ድምፅ ማጉያው የአይጥ መድኃኒት ይሸጣል፤ ድምፁ ብቻውን አይጡን ይገድለዋል።

አዴ ጫልቱ ሻይ ቤት አላቸው፤ በሻይ ቤቱ ደጃፍ ማር ይሸጣሉ። አምስት ባልዲ ደርድረዋል። እኔ ማር ነጭና ቀይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን በማንኪያ እያነሡ ይሄ የገተማ አበባ ነው፣ ይሄ የቡና፣ ይሄ የግራዋ እያሉ ከነጩ እስከ ጥቁሩ አወረዱልኝ። ወረቀቴ ላይ ስለ ብርሃንና ጥላ የሚያሳይ ከነጭ እስከ ጥቁር አሥር ደረጃ ያለው ሰንጠረዥ አለ። በፎቶ ኮፒ ስለመጣ አሥሩም ጥቁር ናቸው። ደረጃውን ገና ዛሬ፣ በባልዲ አየሁት።

ሶር ከውስጥ ነው። ግድግዳው ጠባብ ስለሆነ ዝይዎቹ ሦስት ናቸው። የአንደኛዋ ዝይ ሆድ ላይ የመብራት ማብሪያ ተተክሏል፤ ሲመሽ አዴ ጫልቱ ዝይዋን ይነኳትና ቤቱ ይበራል። ምንቃራቸው እንደዚያው ክፍት ነው። ፎቶ አነሣሁ። አንደኛው ምስክር ተገኘ።

አዴ ጫልቱ በግማሽ ኦሮምኛ፣ በግማሽ አማርኛ ነገሩን ከሰሙ በኋላ በጣም ሳቁ።

«ማር የሚያመጣልኝ ሰውዬ አገሩ ሶር አጠገብ ነው» አሉ። «እሱም እንደዚያ ልጅ ዝይ የለም ብሎኝ ነበር። አንተ ገበሬ ነህ፣ ሥራ ላይ ስለሆንክ አላየህ ይሆናል፣ ና እይ ብዬ አስገባሁት።»

«ታዲያ ምን አለ?» አልኩ።

«አየና አመነ።»

እኔ ሳቅኩ። ጋሼ መርጋ አልሳቁም። ሻያቸውን ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ሲያማስሉ፣ ሲያማስሉ ቆዩ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ያዮ

ከሁሩሙ ወደ ያዮ ያለውን መንገድ በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፤ ወረቀቴ ምት ማለት የአንድ ነገር በእኩል ርቀት መደጋገም ነው ይላል። ጉድጓዱ እንደዚያ ነው። አቧራ ጠጥተን፣ ወገባችንን ይዘን ወረድን። ያዮ ግን ደስ ትላለች። ከከተማዋ ጀርባ ወዲያው ደን ነው፤ ቡናው እዚያው ከዛፍ ሥር ይበቅላል፤ ለቃሚዎቹ ቅርጫታቸውን ወገባቸው ላይ አስረው በዋናው መንገድ ያልፋሉ።

ኦቦ ተሰማ ምግብ ቤት ገብተን በሩ ላይ ደርቀን ቆምን። ግድግዳው ላይ ሶር አለ፤ ከሁሉም ትልቁ፣ ከሁሉም አሮጌው። መሃሉን፣ ውሃው በሚወርድበት ትክክል፣ በር ተከፍቶበታል። እያየን ሳለ ከፏፏቴው ውስጥ አንዲት አስተናጋጅ ትሪ ተሸክማ ወጣች። ጥብስ ነው። ጭሱ ተከትሏት ወጣ። ትንሽ ቆይታ ባዶ ሳህን ይዛ ተመልሳ ውሃው ውስጥ ገባች።

ነገሩ ቀላል ነው። ኦቦ ተሰማ ወጥ ቤቱን ሲያሰፉ በር አስፈለጋቸው፤ ለበር የሚመቸው ደግሞ የግድግዳው መሃል ነው። ወረቀቴ ትኩረት ማለት ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ ነው ይላል። ከዚህ የተሻለ ትኩረት በሕይወቴ አላየሁም፤ የያዮ ሰው ዓይን ሁሉ እዚያ ላይ ተተክሎ ምሳውን ይጠብቃል።

ጋሼ መርጋ ጠጋ ብለው የተቆረጠውን የውሃ ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ኦቦ ተሰማ ምንም አልመሰላቸውም፤ እንዲያውም ውሃው ከፈት ብሎ ያሳልፈናል ብለው ቀለዱ። ዝይዎቹ እዚህ ሰባት ናቸው። አምስቱ የታወቁት ናቸው፤ ሁለቱን በኋላ ሌላ ሰው ጨምሯቸው ዶሮ መስለዋል። ስለ በሩ አንድ ቃል ያልተናገሩት ጋሼ መርጋ፣ ሁለቱን ዶሮዎች ሲያዩ ተቆጡ። «እነዚህ የኔ አይደሉም» አሉ፤ «ስታነሺ እነሱን ተዪ።»

ተውኳቸው። ሁለተኛው ምስክር ተገኘ። እራታችን ከፏፏቴው ውስጥ ወጥቶልን በላን፤ አልጋ ይዘን አደርን።

ዓርብ ጠዋት፣ ያዮ

ፍርፍር ቀርቧል። እኔ ደስ ብሎኛል፤ ሁለት ግድግዳ በስልኬ ይዣለሁ፣ ከእትዬ ጽጌ ጋር ሦስት፣ ፍርዱ አለቀ። ጋሼ መርጋ ግን አይበሉም።

«ሙሉ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን ጽፈሽ እንዳታወጪው» አሉኝ። (በኋላ ፈቅደውልኛል።) «ሶርን አይቼው አላውቅም።»

ሳቄ መጣ፤ ፊታቸውን አይቼ ዋጥኩት።

የነገሩኝ ይሄ ነው። የመጀመሪያው ሶር ይሄው የያዮው ነው። ያኔ የኦቦ ተሰማ አባት ሶርን ሳልልኝ አሏቸው። ፎቶ የለም። ሱቅ ውስጥ የተሰቀለ አሮጌ የፈረንጅ ካላንደር አለ፤ ሐይቅ ነው፣ ከኋላው ጥድ፣ ከፊቱ ዝይዎች። ጥዱንና ሐይቁን ከዚያ ወሰዱ። ውሃውን ከየት ያምጡት? በዚያ በኩል የሚመላለስ አንድ ቡና ጫኝ ተጠራ።

«ምን ይመስላል አልኩት። ነጭ ነው፣ ይጮኻል አለኝ። ሌላስ ስለው፣ ይጮኻል፣ ከሩቅ ይሰማል አለኝ። ሌላ ነገር አልነገረኝም። ነጩን ሳልኩት። ጩኸቱን በምን ልሳለው? በካላንደሩ ላይ የነበሩት ዝይዎች አፋቸው ዝግ ነው። እኔ ነኝ የከፈትኩት።»

እኔ፣ ሥዕል አዋቂዋ፣ ሰባቱን መሠረታዊ ነገሮች በሆዴ ቆጠርኩ። ድምፅ የሚል የለም።

ታዲያ ከዚያ በኋላ ለምን ሄደው አላዩትም አልኳቸው፤ ይሄን ሁሉ ዓመት፣ ለዚህች ለምትቀርብ ቦታ? ፍርፍሩን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ከመጀመሪያው በኋላ ሰው ሁሉ እንደ ያዮው አድርግልኝ ይላቸው ጀመር፤ እንደ ሶር አድርግልኝ ያላቸው የለም። እሳቸውም ሳይሄዱ ቀሩ። «ሄጄ ባይመስልስ?» አሉ።

መልሴ አጭር ነበር። ምሳ ቅዳሜ ነው፤ ዛሬ ዓርብ ነው። ጋሼ መርጋ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አዩ። እምቢ ሊሉኝ ነው ስል፣ «ጭቃው ብዙ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ዓርብ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ሶር

መቱ ደርሰን፣ ያችን የትናንትናዋን ሃያ እርምጃ ተራምደን፣ ሌላኛው መኪና ውስጥ ገባን። ሃያ እርምጃ ለመራመድ ሁለት ቀን የፈጀብን እኛ ነን። ከወረድንበት መንደር ቶሌራ የሚባል ገበሬ በደኑ መሃል መራን። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ጭቃው የግራ ጫማዬን ሁለት ጊዜ አስቀረው። ጋሼ መርጋ ጃንጥላቸውን እንደ ከዘራ እየተከሉ፣ ሣጥናቸውን ማንም እንዲይዝላቸው ሳይፈቅዱ ይወርዳሉ።

ቶሌራን ስለ ዝይዎቹ ጠየቅኩት። ዝይ ምን ልትሠራ እዚህ ትመጣለች አለ። ከዚያ አስታወሰ፤ አንድ ጊዜ ለጉዳይ መቱ ሄዶ አንድ ምግብ ቤት በልቶ ነበር። ግድግዳው ላይ ውሃና ነጫጭ ወፎች ተስለዋል።

«በጣም ቆንጆ አገር ነው» አለ። «የት ነው ብዬ አስተናጋጇን ጠይቄያት ነበር።»

ጋሼ መርጋ ከፊት ከፊት መሄድ ጀመሩ።

ጩኸቱ ከውሃው በፊት መጣ። መጀመሪያ የጭነት መኪና ዳገት የሚወጣ መሰለኝ። ከዚያ መሬቱ እግሬ ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ የምናገረው ለራሴም አይሰማኝም። ቅጠሉን ገለጥ አድርገን ብቅ ስንል ፊታችን ላይ እርጥብ ነፋስ ተወረወረብን።

ውሃው ሰማያዊ አይደለም። ነጭም አይደለም። ከላይ ሲመጣ ወተት የበዛበት ሻይ ነው፤ ሲወርድ ተሰባብሮ አመድ ይሆናል፤ ታች ሲደርስ ጭስ ነው። ጥድ የሚባል የለም። ዓለቱ ጥቁር ነው፣ ሐረጉ እየተንጠባጠበ ይወርዳል፣ ከላይ ዛፉ ላይ ሁለት ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ለብሰው ያዩናል። ብሩክ ኮንትራስት ያለው ነገር ይኼ ከሆነ በነጻ ተቀምጧል። ገጽ አሥራ አንድ እዚህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር፤ ጫማዬ ለሦስተኛ ጊዜ ሲቀር ተውኩት።

ጋሼ መርጋ ዳር ላይ ቆሙ። ጃንጥላ በእጃቸው ይዘው ረጠቡ። አፋቸው ሲከፈት አየሁ፤ ያሉትን አልሰማሁም። ስልኬን ላውጣ ወይ ብዬ በምልክት ጠየቅኳቸው፤ በእጃቸው ተዪው አሉኝ። ብዙ ቆሙ። ከዚያ ዝቅ አሉና የብሩሽ ሣጥናቸውን ከፍተው ብሩሾቹን ወደ ጎን ገፋ አድርገው፣ ከውሃው ዳር ሻካራ አሸዋ በእፍኛቸው እያነሡ ሞሉት።

ዳገቱን ስንወጣ ጩኸቱ ከኋላችን ቀነሰ። የተናገሩት አንድ ነገር ነው።

«ሙሉ፣ ዝይዎቹን በከንቱ ነው ያስጮኽኳቸው።»

ቅዳሜ፣ ምሳ ሰዓት፣ መቱ

ብሩክ አልጠበቀንም። ባነሩ በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ለመፋቅ ብቻ ነው ምሳ የሚጠበቀው። ፎቶው ቁመታም ነበር፣ ግድግዳው ወርደ ሰፊ ነው፤ ብሩክ ሁለቱን ለማስታረቅ ፎቶውን በጎን ለጥጦታል። ፏፏቴው ወፍሯል። ዛፎቹ አጥረው ጎመን መስለዋል። ምጣኔን ባስተማሩበት ቀን ከሥልጠናው ቀርቶ እንደነበር ገባኝ።

ሰዉ ምሳውን ትቶ ይከራከራል። ይሄ ሶር አይደለም ይላል አንዱ፤ ዝይዎቹስ የታሉ ይላል ሌላው። የሐሙሱ ረዳት እዚያው ተገኝቷል፤ አምስት ዓመት ሙሉ ሶርን አይቻለሁ፣ እኔን ልታታልሉኝ ነው ወይ ይላል። ብሩክ ቆሞ፣ ይሄ እውነተኛ ፎቶ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ሶር ብዬ ፈልጌ ነው ያወጣሁት እያለ ይምላል።

ጋሼ መርጋ ወደ ባነሩ ቀርበው በታችኛው ጥግ ላይ ያለውን አዩ። እኔም አየሁ። የብረት አጥር አለ። ከአጥሩ ጀርባ ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሱ ፈረንጆች ተደርድረው ይሥቃሉ። ጋሼ መርጋ ጭቃ የደረቀበትን ጫማቸውን አዩ፤ ፈረንጆቹን አዩ። «ይሄ ሶር አይደለም» አሉ። ቤቱ ሙሉ እንዲሁ ሲል ነበር፤ አይቶት የተናገረው ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

እትዬ ጽጌ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ስልኩን ሰጠኋቸው። የሁሩሙን አዩ፣ የያዮን አዩ። ሦስት፣ አምስት አሉ፤ እዚህ ደግሞ አምስት። ስልኩን መለሱልኝና ባነሩ ይውረድ አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። የጋሼ መርጋ ግድግዳ ተረፈ።

እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

«እትዬ ጽጌ፣ ዝይ የለም» አሉ። «ትናንት አይቼ መጣሁ።»

እትዬ ጽጌ በትዕግሥት አዩዋቸው።

«ጋሼ መርጋ፣ በሦስት ግድግዳ ላይ አለ። እርስዎ ከሦስት ግድግዳ ይበልጣሉ?»

«ግድግዳዎቹን የሳልኩት እኔ ነኝ።»

«ይሁና። ልጆቼ ቁጥር የጀመሩት በእነሱ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው አምስት ሲደርሱ ጉርሻ እሰጣቸው ነበር። ዝይዎቹ የትም አይሄዱም።»

ጋሼ መርጋ ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ የፈለጉትን አግኝተው የማይፈልጉት ሰው ሆኑ። አንድ ወንበር ስበው ከግድግዳው ፊት ለፊት ተቀመጡና ዝይዎቹን አንድ በአንድ አዩዋቸው። ከዚያ ተነሥተው ኮታቸውን አወለቁ።

«ይቆዩ» አሉ። «አምስቱም ይቆዩ። ሌላውን ግን ለኔ ይተዉልኝ፤ እስከ ነገ ምሳ።»

እትዬ ጽጌ ጥቂት አሰቡና ፈቀዱ። ቡናማ ቀለም ሲበጠበጥ ሲያዩ ግን ደነገጡ፤ ደንበኛዬ ቆሻሻ ውሃ እያየ ሊበላ ነው ወይ አሉ። ሶር ከዘነበ በኋላ እንዲህ ነው አሏቸው። መሰላሉን የያዘው ብሩክ ነው። ሌላ ሥራ አልነበረውም። ጋሼ መርጋ አሸዋውን ከቀለሙ ጋር ሲያሹ፣ ይሄ ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ፤ እኔ ቀደም ብዬ ለሸካራነት ነው አልኩት፣ ገጽ ስድስት ላይ አለ። ጋሼ መርጋ ዞር ብለው፣ ለጩኸቱ ነው አሉት።

እሁድ፣ ምሳ

ውሃው አሁን ቡናማ ነው፣ ሲወርድ ይሰባበራል፤ በእጅ ሲነካ ይፋጫል። ጥዱ ጠፍቶ ሐረግ ወርዷል። ላይኛው ጥግ ላይ ሁለት ጉሬዛ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ደንበኛ እግራቸውን አንጠልጥለዋል። ባነሩ ጓሮ ውስጥ ማገዶ ሸፍኗል፤ ፈረንጆቹ እዚያ ይሥቃሉ።

ረዳቱ ምሳ ሊበላ ገባ፣ የተለመደው ቦታው ላይ ተቀመጠ። ጋሼ መርጋ እንደ ወትሮው ግድግዳው ሥር ሽሮ ቀርቦላቸዋል። ልጁ ቀና ብሎ አየ። ዝይዎቹን ቆጠረ፤ አምስት ናቸው፣ ልክ ናቸው፤ አንገታቸውም እንደ ድሮው ወደ ላይ ነው። አንድ ነገር ግን ጎረበጠው። ምንቃራቸውን አየ፣ ሁሉም ተዘግቷል።

መፋቂያውን ከአፉ አወጣ።

«ዛሬ ዝም አሉ» አለ ቀስ ብሎ፤ ለማንም አልነበረም።

ጋሼ መርጋ ጠቅልለው ጎረሱ።